ሦስት ነሐስ ለባለ ድግሷ

ጥር 16 ቀን 1916 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 25 ቀን 1924፣ በፈረንሳይ አልፕስ ተራሮች ሥር በምትገኘው በሻሞኒ ከተማ፣ በኋላ የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ በተባለው ውድድር መክፈቻ፣ የ16 አገሮች ስፖርተኞች ባንዲራቸውን ይዘው በሰልፍ ወጡ። ተወዳዳሪዎቹን ወክሎ ቃለ መሐላውን የፈጸመው ካሚይ ማንድሪዮን የተባለ የፈረንሳይ ወታደር ነበር። ውድድሩ ፌብሩዋሪ 5 ቀን ሲዘጋ ባለ ድግሷ ፈረንሳይ አንድም ወርቅ፣ አንድም ብር አልነበራትም። ያገኘችው ሦስት ነሐስ ነው። ኖርዌይ በ17፣ ፊንላንድ በ11 ሜዳሊያ ደምቀው ወደ ሰሜን ተመለሱ።

ደግሶ እንግዳ ጠርቶ፣ መጨረሻ ላይ የተረፈውን እንደቀመሰ አባወራ የሚታይ ውጤት ነው። ሦስቱን ነሐስ አንድ በአንድ ለመረመረ ሰው ግን በዚያ ዘመን በፈረንሳይ የበረዶ ስፖርት በማን እጅ እንደነበረ በግልጽ ይናገራሉ።

ሻሞኒ በተራራ ስሟ የገነነው ከኦሊምፒኩ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ዣክ ባልማና ሐኪሙ ሚሼል ጋብሪየል ፓካር የሞን ብላን ተራራ ጫፍ ላይ የወጡት በ1786 (ዘመኑ ከዚህ በኋላም የአውሮፓውያን ነው) ሲሆን፣ የከተማዋ የተራራ መሪዎች ማኅበር በ1821 ተመሠረተ። የሻሞኒ ሰው እንጀራ በበጋ እንግዳን በገመድ አስሮ ወደ ላይ ማውጣት ነበር። ባቡር በ1901 ከከተማዋ ሲደርስ የክረምቱም እንግዳ መምጣት ጀመረ። ስኪን፣ ማለትም በእግር በታሰረ ረጅም ሳንቃ በበረዶ ላይ መንሸራተትን፣ ለአካባቢው ካስተዋወቁት አንዱ ሚሼል ፓዮ የተባለ ሐኪም ነው፤ በረዶ በዘጋው መንደር ያሉ ሕመምተኞቹን የሚጎበኘው በስኪ እየሄደ ነበር። የፈረንሳይ ጦርም በዚያው ዘመን ከኖርዌይ መኮንኖች አስመጥቶ በብሪያንሶን ተራራማ አካባቢ የሰፈሩ ወታደሮቹን ስኪ አስተማረ። በ1924 ሻሞኒ ላይ የተገናኙት እንግዲህ መምህርና ተማሪ ነበሩ፤ ኖርዌጂያን ከልጅነታቸው የኖሩበትን ነገር ፈረንሳውያን ከተማሩት ገና ሩብ ምዕተ ዓመት አልሞላም።

የሰሜን አገሮች መጀመሪያ የክረምት ኦሊምፒክን ሐሳብ አልወደዱትም። ከ1901 ጀምሮ ስዊድን ውስጥ የሚካሄድ የራሳቸው የኖርዲክ ጨዋታ ስለነበራቸው፣ የክረምት ኦሊምፒክ ይቀማናል ብለው ሰጉ። ስለዚህ የሻሞኒው ዝግጅት ኦሊምፒክ ተብሎ አልተጠራም፤ በዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ጥላ ሥር የሚካሄድ «ዓለም አቀፍ የክረምት ስፖርት ሳምንት» ነበር። የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ ተብሎ የተሰየመው ካለፈ በኋላ፣ በ1926 ነው።

ለዝግጅቱ ስፋቱ 36,000 ካሬ ሜትር የሆነ የበረዶ መንሸራተቻ ሜዳ፣ የቦብስሌይ (በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ጋሪ) መውረጃና የስኪ መዝለያ ተሠሩ። ከሰው ይልቅ ያስቸገረው ሰማዩ ነበር። ውድድሩ ሲቃረብ ከባድ በረዶ ወርዶ ሜዳውን ቀበረው፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞች በአካፋ ዛቁት። ቀጥሎ ሙቀትና ዝናብ መጥቶ ሜዳውን ኩሬ አደረገው። ብርዱ ተመልሶ ውኃውን ወደ በረዶነት የመለሰው በመክፈቻው ዋዜማ ነው።

የመጀመሪያው ወርቅ በማግስቱ በ500 ሜትር የበረዶ ላይ ሩጫ ለአሜሪካዊው ቻርልስ ጁትሮ ሆነ። ስኪው ሲጀመር ግን መድረኩ የኖርዌይ ነበር። ቶርሌይፍ ሃውግ 18 ኪሎ ሜትርን፣ 50 ኪሎ ሜትርንና ሩጫና ዝላይ የተጣመሩበትን ውድድር ጠቅልሎ ወሰደ፤ በ50 ኪሎ ሜትሩና በጥምሩ ከአንደኛ እስከ አራተኛ የገቡት ሁሉ የአገሩ ልጆች ናቸው። ባልማና ፓዮ የሚሉ የሻሞኒ ነባር ቤተሰቦች ስሞች በፈረንሳይ ተወዳዳሪዎች ዝርዝር ውስጥ ነበሩ፤ የአባቶቻቸው ተራራ ግን በራሱ ሜዳሊያ አላስገኘላቸውም።

በበረዶ ሆኪ የደረሰው ከዚህ ይከብዳል። ፈረንሳይ በአሜሪካ 22 ለ 0፣ በብሪታንያ 15 ለ 2 ተረታ፣ ቤልጂየምን ብቻ 7 ለ 5 አሸነፈች። ሌዎን ኳሊያና አልቤር አስሌር በዚያው ዝግጅት ሆኪም ተጫውተዋል፣ በበረዶ ላይ ሩጫም ተወዳድረዋል። አንድ ሰው ሁለት ስፖርት መሸከሙ የአገሪቱ የክረምት ስፖርተኛ ምን ያህል ጥቂት እንደነበረ ያሳያል። በቦብስሌይ ፈረንሳይ አራተኛ ወጥታ ከሜዳሊያ በአንድ ደረጃ ቀረች።

ከሦስቱ ነሐሶች አንዱ የጦር ሠራዊቱ ነው። በወታደራዊ ቅኝት ውድድር አራት አራት ወታደሮች በቡድን ሆነው ጠመንጃ ተሸክመው በስኪ ይጓዛሉ፣ በመንገድም ዒላማ ይተኩሳሉ፤ የዛሬው ባያትሎን ቀዳሚ ነው። በስድስት ቡድኖች መካከል በተደረገው ግጥሚያ ጣሊያንና ፖላንድ አቋርጠው ወጡ። ስዊዘርላንድ አንደኛ፣ ፊንላንድ ሁለተኛ ሆኑ፤ በመክፈቻው ቃለ መሐላ የፈጸመው ማንድሪዮን የመራው የፈረንሳይ ቡድን ከአሸናፊው ከ20 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ሦስተኛ ገባ። የኖርዌይ መኮንኖች የዘሩት ትምህርት ያፈራው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው የከርሊንግ ነው። ይህ በበረዶ ላይ ድንጋይ እያንሸራተቱ ወደ ዒላማ የማስጠጋት ጨዋታ የስኮትላንድ ተወላጅ ሲሆን፣ ወደ አልፕስ የመጣው ከእንግሊዛውያን የክረምት እንግዶች ጋር ነው። የተወዳደሩት ሦስት አገሮች ብቻ ነበሩ፤ ፈረንሳይ በብሪታንያ 46 ለ 4 ተሸንፋ ከሦስቱ መጨረሻ ሆነች፣ መጨረሻነቱም ነሐስ አስገኘላት። ከርሊንጉ ይፋዊ ውድድር ነበር ወይስ ትርዒት የሚለው ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ቆይቶ፣ ዓለም አቀፉ ኮሚቴ ይፋዊ መሆኑን ያረጋገጠው በ2006 ነው።

ሦስተኛው ግን ከሁሉም ይልቃል። አንድሬ ዦሊና ፒየር ብሩኔ ሁለቱም የፓሪስ ልጆች ነበሩ፤ ችሎታቸውንም ያዳበሩት በከተማ መንሸራተቻ ላይ ነው። በጥንድ ፊገር ስኬቲንግ ከኦስትሪያና ከፊንላንድ ጥንዶች ቀጥለው ሦስተኛ ሆኑ። ዦሊ በሴቶች ነጠላ ውድድርም አምስተኛ ወጣች፤ በዚሁ ውድድር የ11 ዓመቷ ኖርዌጂያዊት ሶንያ ሄኒ መጨረሻ ሆና ነበር። ዦሊና ብሩኔ በኋላ ተጋቡ፤ በ1928 በሳንት ሞሪትዝ፣ በ1932 በሌክ ፕላሲድ ተከታታይ ወርቅ አገኙ። በ1936 ኦሊምፒኩ በሂትለር ጀርመን ሲዘጋጅ አንሄድም ብለው ሦስተኛውን ወርቅ የማግኘት ዕድላቸውን ተዉ። ብሩኔ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ አሠልጣኝ ሆነ፤ በ1960 በሴቶች ፊገር ስኬቲንግ ወርቅ ያገኘችው ካሮል ሃይስ የእርሱ ተማሪ ናት።

እንግዲህ አንዱ ነሐስ የጦር ሰፈር፣ አንዱ የክለብ፣ አንዱ የዋና ከተማ ሆነ። በተራራው የተወለዱት ሰዎች ባዶ እጃቸውን የቀሩበት ምክንያት ከመርሐ ግብሩ ይጀምራል። በ1924 ስኪ ማለት ረጅም ሩጫና ዝላይ ነበር፤ ሁለቱም በሰሜን አገሮች ዳገትና ጫካ ላይ የተፈጠሩ ናቸው። ከገደላማ ተራራ በፍጥነት ቁልቁል የመውረድ ውድድር፣ ማለትም አልፕስን የሚመስለው ስፖርት፣ በመርሐ ግብሩ ውስጥ ጭራሽ አልነበረም። ወደ ኦሊምፒክ የገባው በ1936 ነው።

ይህ ስፖርት ከመጣ በኋላ የፈረንሳይ ተራራ ልጆች ተራ ደረሰ። በ1937 የዓለም የአልፓይን ሻምፒዮና በዚያችው በሻሞኒ ሲዘጋጅ፣ ከጎረቤት ከመዤቭ የመጣው ኤሚል አሌ የቁልቁለቱን፣ የስላሎሙን (በምሰሶዎች መካከል እየተጠማዘዙ የመውረድ ውድድር) እና የጥምሩን ወርቅ ሦስቱንም ወሰደ። በሚቀጥለው ዓመት የሻሞኒው ዤምስ ኩቴ በ16 ዓመቱ የቁልቁለት ዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ፈረንሳይ የክረምት ኦሊምፒክን እንደገና ያስተናገደችው በ1968 በግሬኖብል ሲሆን፣ ዣን ክሎድ ኪሊ ብቻውን ሦስት ወርቅ አገኘ። አገሪቱ በ4 ወርቅ፣ በ3 ብርና በ2 ነሐስ ሦስተኛ ሆነች። ከዘጠኙ ሜዳሊያዎች ስምንቱ የተገኙት ሻሞኒ ላይ ባልነበረው በአልፓይን ስኪ ነው፤ ዘጠነኛው ደግሞ በዦሊና ብሩኔ ስፖርት፣ በፊገር ስኬቲንግ፣ በፓትሪክ ፔራ።