የቤተ መንግሥት ታሪክ በሕፃናት እጅ

በአንደኛ ደረጃ ት/ቤቶች የታሪክ ትምህርት ብዙ ጊዜ የነገሥታትን ስምና የዘመን ቁጥር ማጥናት ሆኖ ይቀራል። ሕፃኑ «ዐፄ ፋሲል ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. ነገሡ» ብሎ በቃሉ ይወጣል፤ ፈተናው ካለፈ በኋላ ግን ስሙም ቁጥሩም ይጠፋዋል። የሁለተኛ ደረጃ መምህራን የዚህን ጉዳት የምናየው ተማሪው ወደ እኛ ሲደርስ ነው። ቤተ መንግሥት ሲባል የሚታየው ዘውድ የጫነ አንድ ሰው ብቻ ነው። ግንቡን ማን ገነባው? ደብዳቤውን ማን ጻፈው? ፈረሱን ማን ጠበቀው? ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ የታሪክ ክበቦቻችን በአቅራቢያቸው ያሉትን ሕፃናት እንዴት ሊረዱ እንደሚችሉ፣ የጎንደርን ቤተ መንግሥት ምሳሌ አድርገን እናቀርባለን።

በቅድሚያ ታሪኩን በአጭሩ እናስታውስ። ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት በነበሩት ዘመናት ነገሥታቱ አብዛኛውን ጊዜ በድንኳን ከሥፍራ ወደ ሥፍራ ይዘዋወሩ ነበር። ከተማዋ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተቆረቆረች በኋላ ግን መናገሻው በድንጋይና በኖራ ጸና። ከዐፄ ፋሲል በኋላ የመጡትም የየራሳቸውን ሕንፃ ጨመሩበት። በዚህም ምክንያት 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ቅጥር ውስጥ የዐፄ ዮሐንስ 1ኛ ቤተ መጻሕፍት፣ የዐፄ ኢያሱ 1ኛ፣ የዐፄ በካፋና የእቴጌ ምንትዋብ ሕንፃዎች ይገኛሉ። ሥፍራው በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ሀ) ቅጥሩን በጭቃ መሥራት

ለዚህ ሥራ ጭቃ፣ ጭድ፣ ጠጠርና አሮጌ ካርቶን ይበቃል። ሕፃናቱ በቡድን ተከፋፍለው አንዱ ቡድን አጥሩን፣ ሌላው አራት ማዕዘኑ ላይ ክብ ማማ ያለውን የፋሲልን ግንብ ይሥሩ። ዋናው ትምህርት ያለው ግን በበሮቹ ላይ ነው። ቅጥሩ 12 በሮች እንዳሉት ይነገራል፤ ስማቸውም ብዙ ያስተምራል። ወምበር በር ዳኞችን፣ እምቢልታ በር የሙዚቃ ሰዎችን፣ ባልደራስ በር የፈረሶቹን ኃላፊ ያስታውሳል። ሕፃኑ ለእያንዳንዱ በር «በዚህ የሚገባው ማን ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ቤተ መንግሥቱ የብዙ ሰዎች የሥራ ቦታ እንደነበር ይገባዋል። ግንበኞቹንም አንርሳ፤ ከእነርሱ መካከል በእጅ ሥራቸው የታወቁት ቤተ እስራኤል ይገኙበታል።

ለ) የሹመት ጨዋታ

በጨዋታው ሁሉም ሕፃን ንጉሥ መሆን ይፈልጋል። የእኛ ምክር ንጉሡን አስቀድሞ አለመሾም ነው። በመጀመሪያ ጸሐፌ ትእዛዙ፣ ባልደራሱ፣ እልፍኝ አስከልካዩ፣ ነጋሪት መቺው፣ ጠጅ ጣዩዋና እንጀራ ጋጋሪዋ ቦታቸውን ይያዙ። በጦርነት ጊዜ ንጉሡን መስሎ የሚለብሰውን ሊቀ መኳስንም ሕፃናቱ ይወዱታል። ከዚያም ባላገር አቤቱታ ይዞ ይምጣ። ጉዳዩ በማን በማን እጅ እንደሚያልፍ ሲያዩ፣ ሥልጣን እንዴት ይሠራ እንደነበር ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዱታል። እቴጌ ምንትዋብ ከ1723 ዓ.ም. ጀምሮ በልጃቸው በዐፄ ኢያሱ 2ኛ ስም አገር እንዳስተዳደሩ ከተነገራቸው በኋላ፣ ሴት ልጆችም ከወጥ ቤቱ ሌላ ቦታ እንዳላቸው ያውቃሉ።

ሐ) ዜና መዋዕል መጻፍ

የነገሥታቱን ዜና መዋዕል የሚጽፉት የቤተ መንግሥት ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ከጨዋታው በኋላ ሁለት ሕፃናት የሆነውን ይጻፉ፤ አንዱ እንደ ንጉሡ ጸሐፊ፣ ሌላው እንደ አቤት ባዩ ባላገር። ሁለቱ ጽሑፎች በክፍሉ ፊት ሲነበቡ ልዩነታቸው ይሰማል። «ንጉሡ ርኅሩኅ ነው» ያለው ማን ነው? ለምንስ አለ? ይህ ጥያቄ በ10 ዓመቱ የገባው ልጅ፣ ወደ እኛ ሲመጣ የታሪክ ምንጭን መመርመር አይከብደውም።

ከሁሉም በላይ መምህራን ልንጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በጭቃ የተሠራው ነገር ሁሉ እውነት መስሎ ይታያል፤ ሕፃናት የፈጠሩትንና የተረጋገጠውን በቀላሉ ያቀላቅላሉ። ስለዚህ ከታሪክ የሚታወቀው ነጭ ጠጠር፣ በግምት የተጨመረው ደግሞ ቀይ ጠጠር ይደረግበት። የፋሲል ግንብ ነጭ ያገኛል፤ ጠጅ ጣዩዋ የተናገረችው ቃል ቀይ ያገኛል። ቀይ ጠጠር ማድረግ ጥፋት እንዳልሆነ፣ ጥፋቱ ቀዩን ነጭ ነው ማለት እንደሆነ እናስረዳቸው።

ጎንደር ሩቅ ለሆነባቸው ት/ቤቶች ሥራው አይቀርባቸውም። የጅማ ልጆች በጅሬን የሚገኘውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት በዚሁ መንገድ ሊሠሩት ይችላሉ። በየአካባቢው ያሉ አረጋውያንም ይጠየቁ። የክበብ አባላት ሆይ፣ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሦስት ወይም አራት ክፍለ ጊዜና ጥቂት ጭቃ ነው። ሥራው ሲያልቅ ሕፃናቱን «ንጉሡ ማን ነበር?» ብቻ ሳይሆን «ይህን በምን አወቅህ?» ብላችሁ ጠይቋቸው።