ጉልሕ ፊደል

የሱቅ ስም በብሩሽ ስጽፍ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ጎንደር ዘመን ብራና ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ጸሐፍት «ጉልሕ» የተባለውን ትልቅና ወፍራም ፊደል አስፋፉ። ጉልሕ ብራና ይበላል። ከአንድ የፍየል ቆዳ የሚወጣው ቅጠል ጥቂት በመሆኑ፣ በዚህ ፊደል መጽሐፍ ማስጻፍ የባለጸጎች አቅም ነበር። ቢሆንም በጧፍ ብርሃን ለሚያነብ ዲያቆን እንደ እሱ የሚመች የለም!

ምስጢሩ ያለው በመቃ ብዕሩ አቀራረጽ ነው። አፉ ሰፋ ብሎ ሲቀረጽ ቁም መስመሩ ይወፍራል፣ አግድሙ ይቀጥናል፤ የ«መ» ሁለት ዓይኖችም ክፍት ሆነው ይቀራሉ። ኮምፒውተር መስመሩን ሁሉ እኩል ሲያወፍር ግን እነዚያ ዓይኖች ይደፈናሉ፤ ከሩቅ የሚታየው ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ይሆናል።

የፊደል ቀራጮች ሆይ፣ አዲስ ወፍራም ፊደል ከማውጣታችሁ በፊት ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ገብታችሁ ብራናዎቹን እዩ።