ሴራ ስለሚባለው ቃል

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ አንድ ቃል ባለማወቄ ያፈርሁበትን ነገር ላጫውትህ።

ወደ ዲላ በሄድሁ ጊዜ አንድ የጌዴኦ ሽማግሌ፣ «እኛ የተጣላ ሰው ሲኖር በሶንጎ ተሰብስበን በሴራ እናስታርቃለን» ቢሉኝ ደነገጥሁ። ባደግሁበት አማርኛ ሴራ ማለት ተደብቆ በሰው ላይ ክፉ መዶለት ነውና። «አባቴ፣ የሚሴረው በማን ላይ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ስቀው፣ «ልጄ፣ ሴራ በእኛ ቋንቋ ሕግ ማለት ነው። ሶንጎም የሽማግሌዎች ሸንጎ ነው፤ የሚነገረውም ሁሉ እየሰማ ነው» አሉኝ።

ከዚህ በኋላ የቃሉን ነገር ሳሰላስል ኖርሁ። እንግሊዞች ሴራን «ኮንስፒራሲ» ይሉታል፤ ሥሩ ላቲን ሲሆን ትርጓሜው «አብሮ መተንፈስ» ነው። አብሮ መተንፈስ ግን በራሱ ክፋት የለበትም። ደቦም ዕድርም ያለ እርሱ አይቆሙም። ምክርን ሴራ የሚያሰኘው መደበቁና በሌላው ላይ ማነጣጠሩ ነው።

ለዚህ ታሪካችን ምስክር ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ። ሐሳባቸው አገርን ማሻሻል ነው ቢሉም፣ ምክሩ የጥቂቶች ምሥጢር ነበረና እውነተኛ ሴራ ነበር፤ በጥቂት ቀንም ከሸፈ።

ከዚያ በፊት በ1952 ዓ.ም. ግን በጌዴኦ ምድር፣ በሚችሌ፣ ገበሬዎች ባለመሬቶች ከቡናቸው የሚወስዱት ድርሻ ቢከብዳቸው ተነሥተው ነበር፤ ብዙ ሰውም አለቀ። የእነዚህ በደል ምሥጢር አልነበረም፤ በየማሳው ላይ በግልጥ ይታይ ነበር። ቀድሞ የሚሰማ ጆሮ ቢገኝ ኖሮ ያ ሁሉ ደም ባልፈሰሰ ነበር። የገጠር መሬት ከባለመሬቶች እጅ የወጣው ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ ሰዎች ተሰብስበው ሲነጋገሩ ብታይ «ሴራ ነው» ለማለት አትቸኩል። በማታውቀው ቋንቋ ሲያወሩም ስለ አንተ የሚያሙ አይምሰልህ። ቀርበህ ጠይቅ። እኔ ሳልጠይቅ ከዲላ ተመልሼ ቢሆን፣ ሕጋቸውን የሚያከብሩትን ሰዎች ሴረኞች እያልሁ በየሄድሁበት ስማቸውን ባጠፋሁ ነበር። አንተም ከባልንጀሮችህ ጋር ስትመክር፣ ነገርህ በሶንጎ ፊት ሊነገር የሚችል መሆኑን አስቀድመህ መርምር።