ከልብ እስከ አንደበት

ሰው ወደ ቤተ መጻሕፍት ሲገባ የሚሻውን በልቡ ሰውሮ፣ በአንደበቱ ግን ከሚሻው የሰፋውን ወይም የራቀውን መናገር የቆየ ጠባዩ ነውና፣ መጽሐፉን ፈልጎ ከማቅረብ አስቀድሞ ጥያቄውን ራሱን ፈልጎ ማግኘት የዐቃቤ መጻሕፍት ሙያ ሆኖ እስኪቆጠር ድረስ ብዙ ዘመን አልፏል።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1876 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር በፊላዴልፊያ በተመሠረተበት ዓመት፣ በማሳቹሴትስ የዎርስተር ከተማ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ሳሙኤል ስዌት ግሪን ባሳተመው ጽሑፍ፣ ባለሱቅ ገበያተኛው ባዶ እጁን እንዳይወጣበት እንደሚጨነቅ ሁሉ፣ ዐቃቤ መጻሕፍትም ጠያቂው መልስ ሳያገኝ እንዳይመለስ ይጨነቅ ዘንድ መከረ። ዎርስተር የፋብሪካ ከተማ ነበረችና፣ ምክሩ ሊቃውንቱን ብቻ ሳይሆን የእጅ ጥበብ ሠራተኛውንና ተማሪውን ጭምር ያሰበ ነበር።

በጠያቂውና በዐቃቤ መጻሕፍቱ መካከል የሚደረገው ምልልስ በውስጡ ምን እንደሚሠራ ግን በጥልቀት የመረመረው ተመራማሪው ሮበርት ቴይለር ነው። ልምድ ያላቸውን ዐቃብያነ መጻሕፍት ጠይቆ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት፣ ጥያቄ አራት እርከን እንዳለው አስተማረ፤ መጀመሪያ ስም ያልወጣለት የልብ ጉድለት ነው፣ ቀጥሎ በኅሊና ይብላላል፣ ከዚያ በቃል ይሰደራል፣ በመጨረሻም ለቤተ መጻሕፍቱ ማውጫ እንዲስማማ ተቆርጦና ተቀጥሎ ይቀርባል። ከንስሐ አባቱ ፊት ቀርቦ ጥቃቅኑን አስቀድሞ ዋናውን ወደ ኋላ ያዘገየ ሰው፣ ይህን ትምህርት ለመረዳት ብዙ አይደክምም።

ይሁን እንጂ መነጋገር ሁሉ አይጠቅምም። በዚያው ዓመት ዊልፍሪድ ላንካስተር፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት በኮምፒዩተር ይሠራ የነበረውን ሜድላርስ የተባለ የፍለጋ ሥርዓት መርምሮ፣ ሊገኙ ከሚገባቸው ጽሑፎች በአማካይ 58 በመቶ ያህሉን ብቻ እንደሚያወጣ፣ ካወጣቸውም ለጉዳዩ የሚስማሙት ግማሽ ያህሉ ብቻ እንደ ነበሩ ገለጸ። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው፣ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች በገዛ ቃላቸው ጽፈው በደብዳቤ የላኩት ጥያቄ፣ ከዐቃቤ መጻሕፍት ጋር ፊት ለፊት ተወያይተው ካሰናዱት የተሻለ ፍሬ መስጠቱ ነው፤ ዐቃቤ መጻሕፍቱ፣ ለመርዳት ሲተጋ፣ ጠያቂው ሐሳቡን ሳይፈጽም ማውጫው በሚያውቃቸው ቃላት ያጥርበት ነበርና።

በእኔ ግምት ይህ የግሪንን ምክር አያፈርስም፤ የተነቀፈው መቸኮሉ ነው። ላንካስተርም ያሳሰበው ይህንኑ ነበር፤ ጠያቂው የማውጫው ቃላት ሳይቀርቡለት በፊት ፍላጎቱን በራሱ ቋንቋ በጽሑፍ ያስቀምጥ አለ።