የመንጃ ፈቃድ ምድብ ማሳደግ

የመንጃ ፈቃድ ምድብ ማሳደግ በኢትዮጵያ አንድ አሽከርካሪ ቀድሞ በያዘው የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ ላይ ሌላ ዓይነት ወይም ከፍ ያለ ተሽከርካሪ የመንዳት መብት የሚያገኝበት አሠራር ነው። በአውቶሞቢል ፈቃድ አይሱዙ፣ ቅጥቅጥ ወይም ቦቴ መንዳት አይቻልም፤ ለእያንዳንዱ ሠልጥኖ መፈተን ያስፈልጋል። ጉዳዩ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 ነው። በአዲስ አበባ ፈቃዱን የሚሰጠው የከተማው አሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ሲሆን የሚሠራውም በቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቶቹ አማካይነት ነው።

ምድቦቹ

ቀድሞ ፈቃዱ በቁጥር ይጠራ ነበር። ቁጥሩ ሲጨምር መኪናውም ይከብዳል። ዛሬም በሰው አፍ «ሦስተኛ አለው»፣ «አምስተኛ አወጣ» ማለት አልቀረም። አዋጅ ቁጥር 600/2000 እና እሱን የተካው የ2010 አዋጅ ግን ፈቃዱን በተሽከርካሪው ዓይነትና በሚጫነው ነገር ለይተውታል። ሞተር ሳይክል፣ ባለሦስት እግር (ባጃጅ)፣ አውቶሞቢል፣ ሕዝብ ማመላለሻ፣ ደረቅ ጭነት፣ ፈሳሽ ጭነት እና ልዩ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ለየብቻቸው ምድብ አላቸው። ከባዶቹ ምድቦች በውስጣቸው በደረጃ ስለሚከፈሉ አሽከርካሪዎች በአጭሩ «ሕዝብ አንድ»፣ «ደረቅ ሁለት» ይሏቸዋል።

ሞተር ሳይክል በአዲስ አበባ የተለየ ታሪክ አለው። ከሐምሌ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማው ልዩ ፈቃድ ካላቸው በስተቀር የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ስለከለከለ፣ ምድቡ በእጅ መኖሩ ብቻውን በከተማው ለመንዳት አያበቃም።

ለምን ተለያዩ?

የምድቦቹ ልዩነት የወረቀት ብቻ አይደለም፤ ከጉለሌ የሚነሳው የጎጃም መንገድ ይህን በደንብ ያሳያል። መንገዱ በአዲሱ ገበያ በኩል ወጥቶ የእንጦጦን ሰንሰለት ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ ይዘልቃል፤ ከጎሐ ጽዮን በኋላም ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ቀላል መኪና የለመደ አሽከርካሪ ቁልቁለት ላይ እግሩን ፍሬን ላይ ያሳርፋል። ጭነት የያዘ ከባድ መኪና እንዲህ ከተያዘ ግን ፍሬኑ ግሎ የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ የከባድ መኪና ሠልጣኝ ከቁልቁለቱ በፊት ዝቅተኛ ማርሽ አስገብቶ በሞተሩ መያዝን ይማራል። በአየር የሚሠራ ፍሬን ደግሞ አየሩ ሳይሞላ መኪናው እንዳይነሳ ይጠይቃል፤ ይህም አውቶሞቢል ላይ የሌለ ነገር ነው።

ተሳቢ ሲቀጠል መታጠፊያ ላይ የኋላው ጎማ የፊቱን ዱካ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። በሽሮ ሜዳ ዓይነት ጠባብና ሰው የሚበዛበት መንገድ ላይ ይህን የማያውቅ ሹፌር በመስታወቱ ያላየውን እግረኛ ሊመታ ይችላል። ቦቴ ከዚህም የባሰ ጠባይ አለው። ግማሽ የሞላ ታንከር ሲቆም በውስጡ ያለው ፈሳሽ ወደፊት ይገፋል፤ ኩርባ ላይም ወደ ጎን ሄዶ ሚዛን ያስታል። የኢትዮጵያ ነዳጅ በአብዛኛው ከጅቡቲ በመንገድ የሚጓጓዝ በመሆኑ ፈሳሽ ጭነት ራሱን የቻለ ምድብ መሆኑ አያስገርምም።

አካሄዱ

አመልካቹ የጸና መንጃ ፈቃዱን፣ መታወቂያውን፣ የትምህርት ማስረጃውንና የጤና ምርመራ ውጤቱን ይዞ ፈቃድ ባለው የማሠልጠኛ ተቋም ይመዘገባል። ሥልጠናው የንድፈ ሐሳብና የተግባር ሲሆን፣ የትራፊክ ሕግን፣ የተሽከርካሪ ቴክኒክንና የአሽከርካሪ ሥነ ባህርይን ይጨምራል። በመጨረሻ የጽሑፍና የተግባር ፈተና አለ። ለከባዶቹ ምድቦች ዕድሜውም የትምህርት ደረጃውም ከፍ ይላል፤ በዝቅተኛው ምድብ የነዱበት ልምድም ይጠየቃል።

የትምህርት መስፈርቱ በተለይ የሚከብደው በረዳትነት ላደጉት ነው። ለዓመታት ጎማ የቀየረ፣ ጭነት ያሰረና ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ መንገዱን በቃሉ ያጠና ረዳት፣ የትምህርት ማስረጃ ካላገኘ ወደ መሪው መሻገር አይችልም።

ያለ ምድብ መንዳት

ከምድብ ውጭ ማሽከርከር እንደ ትራፊክ ጥፋት ይቆጠራል። ከባዱ መዘዝ ግን አደጋ ሲደርስ ይመጣል። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ያስገድዳል፤ የመድን ውሎች ደግሞ በተለምዶ አሽከርካሪው ለዚያ ተሽከርካሪ የሚሆን የጸና ፈቃድ እንዲኖረው ይጠይቃሉ። ባለንብረቱም አያመልጥም፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል። «ትንሽ ርቀት ነው፣ አንተው አድርሰው» ብሎ ቁልፍ የሚሰጥ ባለመኪና ይህን አንቀጽ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

በውጭ አገር

በአሜሪካ ብዙ ኢትዮጵያውያን በጭነት መኪና ሥራ ተሰማርተዋል። እዚያ የንግድ መንጃ ፈቃድ (ሲዲኤል) በ1986 እ.ኤ.አ. በወጣ የፌዴራል ሕግ ተመሥርቶ «ኤ»፣ «ቢ» እና «ሲ» ተብሎ ይከፈላል። ታንከር ለመንዳት «ኤን»፣ ሕዝብ ለመጫን «ፒ»፣ አደገኛ ዕቃ ለማጓጓዝ «ኤች» የተባለ ተጨማሪ ምልክት በዚያው ካርድ ላይ ይታከላል፤ ለነዳጅ ቦቴ «ኤን» እና «ኤች» ተጣምረው «ኤክስ» ይሆናሉ። ከየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ «ኤ» ወይም «ቢ» የሚያድግ ሰው በተመዘገበ ሠልጣኝ ሰጪ ዘንድ መማር ግዴታው ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለዓመታት ቦቴ ያመላለሰ ሹፌርም የኢትዮጵያ ፈቃዱ በሲዲኤል ስለማይቀየርለት ከጽሑፍ ፈተናው ይጀምራል።