የበጋው እርሻ፦ ቤኒሻንጉል ከወርቁ ምን ተረፈው?

የአሶሳ ዞን የበርታ ገበሬ ዓመቱን በሁለት ሥራ ያገባድዳል። ክረምት ሲገባ ማሽላውን ይዘራል፣ ያርማል፣ ከወፍና ከዝንጀሮ ይጠብቃል። አዝመራው ተሰብስቦ በጋው ሲጠና ደግሞ ቤተሰቡ ዶማና ገበቴውን ይዞ ወደ ወርቁ ይወርዳል። ወንዶቹ ይቆፍራሉ፤ አፈሩን ወንዝ ዳር አውርደው የሚያጥቡት በአብዛኛው ሴቶቹ ናቸው። ሴቲቱ ጎንበስ ብላ ገበቴውን ውሃው ውስጥ በዝግታ ታዞራለች። ቀላሉ አሸዋ በጠርዙ እየፈሰሰ ይሄድና ከሥር ጥቁር አሸዋ ይቀራል። ከዚያ ጥቁር አሸዋ መካከል ዕድል ከቀናት የጤፍ ፍሬ የምታክል ወርቅ ብልጭ ትላለች። ያቺ ፍሬ የጨው፣ የሳሙናና የልጆች ደብተር መግዣ ናት። ጎተራው ሲራቆት ደግሞ የእህል መሸመቻ ትሆናለች።

ስለ ክልሉ ልማት ሲነሳ ወርቅ ሁልጊዜ በማዕድን ዘርፍ ሥር ይመደባል። እኔ ግን ለዚህ ቤተሰብ ወርቅ ከሁሉ በፊት የበጋ እርሻው ነው እላለሁ። ይህን ያልተረዳ ዕቅድ ሁሉ፣ ያወጣው ማንም ይሁን ማን፣ ከቤተሰቡ ዓመት ግማሹን ቆርጦ ይወስድበታል። ያለፉት 200 ዓመታት ታሪክም የሚናገረው ይህንኑ ነው።

የግብፁ ገዥ መሐመድ አሊ ፓሻ በ1820 እ.ኤ.አ. ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት የፈለገው ወርቅና ለሠራዊቱ የሚሆን ባሪያ ነበር። በዓመቱ የሰናር የፉንጅ መንግሥት ወደቀ። የልጁ የእስማኤል ጦርም ዓባይን ሽቅብ ተከትሎ የዛሬው ክልል አጎራባች እስከሆነው ፋዙግሊ ዘለቀ። የታሰበው ወርቅ ባይገኝም ፓሻው ተስፋ አልቆረጠም። ኦስትሪያዊውን የማዕድን ባለሙያ ሩሴገርን ላከ፤ ቀጥሎም ዕድሜው ወደ 70 በተቃረበበት በ1838 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ራሱ ወደ ፋዙግሊ ተጓዘ። የተመኘው ሀብት ግን አልተገኘም። ወርቁ በየወንዙና በየገደሉ ጥቂት በጥቂት የተበተነ ነውና፣ ደመወዝ ተከፍሎት ለሚቆፍር የመንግሥት ሠራተኛ ወጪውን አይመልስም። ማሽላውን ከጎተራ አስገብቶ በጋውን ለሚያጥብ ቤተሰብ ግን ያዋጣል። ፓሻው ሊገባው ያልቻለው ይህ ሒሳብ ነበር።

ሒሳቡ የገባቸው ነጋዴዎቹ ናቸው። ከሱዳን መጥተው ከበርታ ባላባቶች ጋር የተጋቡት ወታዊጥ የተባሉት ወገኖች ወርቁን ከአጣቢው እየተቀበሉ ጨውና ጨርቅ ያቀርቡ ነበር። በዛሬው ባምባሲ አካባቢ የነበረው የፋዳሲ ገበያም የኦሮሞ፣ የበርታና የሱዳን ነጋዴዎች መገናኛ ሆነ። ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ ይህን የጨውና የወርቅ ግንኙነት በሰፊው አጥንቶታል። በዚያው ገበያ ላይ ሰውም ይሸጥ ነበር። የጉሙዝ፣ የማኦ፣ የኮሞና የበርታ ድሆች ከሱዳንም ከደጋውም በኩል ይታደኑ ነበር። ባሪያ ንግድን ሳያነሱ የዚህን አገር የኢኮኖሚ ታሪክ መጻፍ ግማሹን መደበቅ ነው።

በ1890 ዓ.ም. የራስ መኮንን ጦር አካባቢውን ወደ ምኒልክ ግዛት አስገባ። የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ተይዘው አዲስ አበባ ቆዩ፤ በኋላ ተለቀው ወደ አገራቸው ተመለሱና በወርቅ ግብር እየከፈሉ ገዙ። በዋና ከተማዋ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ነው። ግብሩ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ መንገድ ወይም ሐኪም ቤት ሆኖ አልተመለሰም። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ሱዳንን ከያዘችው እንግሊዝ ጋር የተፈረመው የድንበር ውል ደግሞ የበርታን ሕዝብ በድንበሯ ከተማ ኩርሙክ ላይ ለሁለት ከፈለው። ባርነትን ፈጽሞ የሚከለክለው አዋጅም እስከ 1934 ዓ.ም. ድረስ ቆየ።

ቀጥሎ የመጣው የሰፈራ ፖሊሲ ነበር። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ደርግ ከወሎና ከሌሎች የተጎዱ አካባቢዎች ብዙ ሺህ ሰዎችን ወደ አሶሳና ወደ መተከል አመጣ። ፓዌ ላይ ጣሊያን በገንዘብ የደገፈው፣ ሳሊኒ የገነባው የጣና በለስ ፕሮጀክት ተዘረጋ። የሰፈራ ቦታዎቹ ስም እንኳ አልወጣላቸውም፤ በቁጥር ተጠሩ። ሰፋሪዎቹ በወባና በናፍቆት ተሰቃዩ። የጉሙዝ ገበሬም መሬቱን እያፈራረቀ የሚያርስበትንና የሚያድንበትን ጫካ አጣ። ማንም ሁለቱንም አልጠየቀም። ዛሬ የሰፋሪዎቹ የልጅ ልጆች የዚያው አገር ልጆች ናቸው፤ የአሶሳ ገበያም ያለ እነሱ ጤፍና ያለ በርታ ማሽላና ማንጎ አይቆምም። እርስ በርስ እየተገበያዩ የኖሩ ሰዎች መሬትን በተመለከተ የሚያገናኛቸው ተቋም አለመኖሩ ኋላ ብዙ ደም አስከፍሏል። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል፣ በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። ከዚህ ሁሉ ጋር ክልሉ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የሸርቆሌ መጠለያ ጣቢያ ሲከፈት፣ የሱዳን ስደተኞችን ተቀብሎ እያስጠለለ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ክልሉን ሲያቆም በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የራሳቸውን ምክር ቤት አገኙ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አላሳንሰውም። ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፣ በ2004 ዓ.ም. አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመረ። የክልሉ ገንዘብ ግን አብዛኛው አሁንም ከፌዴራል ድጎማ ነው የሚመጣው።

በዚሁ ክልል ጉባ ላይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ኢትዮጵያዊ ሁሉ ከኪሱ አዋጥቶ የሠራው ነውና እኔም እኮራበታለሁ። ግድቡ ለፈጠረው ለንጋት ሐይቅ ሲባል በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ በአብዛኛው ጉሙዞች፣ ከወንዙ ዳር ተነሥተዋል። 500 ኪሎ ቮልት የሚሸከመው መስመር በዴዴሳ በኩል ወደ ሆለታ ሲያልፍ፣ በክልሉ ብዙ የገጠር ቀበሌዎች ግን ማታ ማታ አሁንም ጨለማ ናቸው።

ክልሉ ለመዘንጋቱ ማንጎውም ሌላ ምስክር ነው። ወቅቱ ሲደርስ በአሶሳ ዙሪያ ዛፉ ሥር ወድቆ የሚበሰብሰው ከሚሸጠው ጋር ይፎካከራል። የሚጨምቀው ፋብሪካ በቅርብ የለም፤ በወለጋ በኩል ያለው መንገድም በግጭት ብዙ ጊዜ ተዘግቷል። ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ በምሥራቅ ወለጋ የታየው ነጭ ተባይ ደርሶ ቅጠሉን እያደረቀ፣ ፍሬውን እያበላሸ ነው። ለአንድ ተባይ የሚሆን የግብርና ባለሙያና ርጭት ማድረስ ግድብ ከመገንባት አይከብድም።

አሁን ተራው እንደገና የወርቁ ነው። አላይድ ጎልድ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ኩርሙክ ላይ ትልቅ የወርቅ ማውጫ መገንባት ጀምሯል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ባህላዊ አምራቾች ለብሔራዊ ባንክ የሚያቀርቡት ወርቅ በእጅጉ ጨምሯል። የወርቅ ዋጋ ሲወደድ በየሸለቆው ኤክስካቫተርና ሜርኩሪ ይገባሉ፤ ካፒታል ያለው ደለሉን በአንድ ቀን ሲያገላብጥ ገበቴ ይዛ የመጣችው ሴት የታጠበ አፈር ይቀራታል። ሜርኩሪው ደግሞ ከብቱ በሚጠጣው ወንዝ ይወርዳል።

ኩባንያ አይምጣ አልልም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 መሠረት ማኅበረሰቡ በሚነካው ፕሮጀክት ላይ አስተያየቱን የመስጠት መብት አለው፤ በአንቀጽ 98 መሠረትም ከትልልቅ ማዕድናት የሚገኘውን ግብርና ሮያሊቲ ክልሉና ፌዴራል መንግሥቱ በጋራ ይጥላሉ፣ ይሰበስባሉ። ሁለቱም ወረቀት ላይ አሉ። ስለዚህ የክልሉ ማዕድን ቢሮና የወረዳ አስተዳደሮች አጥር ከመታጠሩ በፊት እያንዳንዱ ቤተሰብ በጋውን የት እንደሚቆፍርና የት እንደሚያጥብ ይመዝግቡ። የባህላዊ አምራች ፈቃድ በሴቶቹም ስም ይውጣ። ከሮያሊቲው ለኩርሙክ፣ ለመንጌና ለሆሞሻ ምን ያህል እንደደረሰ በየዓመቱ በሕዝብ ስብሰባ ይነገር። ይህን ለመጀመር አዲስ አዋጅ አያስፈልግም።