በስምንት ለስምንት የጸና ዘውድ

በ1981 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሁለት ጆርጂያውያን ሴቶች ለዓለም የቼዝ ዘውድ ተፋጠጡ። አንዷ በ17 ዓመቷ የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ማያ ቺቡርዳኒዜ ነበረች። ተፎካካሪዋ ናና አሌክሳንድሪያ ደግሞ የሶቪየት ኅብረትን የሴቶች ሻምፒዮና ሦስት ጊዜ አሸንፋለች። የተገናኙትም በገዛ አገራቸው፣ በቦርጆሚና በትብሊሲ ነው።

16 ጨዋታ ተጫወቱ። እያንዳንዳቸው 4 አሸነፉ፤ የቀረው 8 በአቻ ተጠናቀቀ። ውጤቱም 8 ለ8!

በቼዝ አቻ የወጣ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም፤ ለሁለቱም ግማሽ ግማሽ ነጥብ ይመዘገባል። በዚያ ግጥሚያ ግን የግማሿ ነጥብ ዋጋ ለሁለቱ እኩል አልነበረም። ነጥቡ እኩል ከሆነ ዘውዱ ከሻምፒዮኗ ዘንድ ይቆያል ይል ነበር ደንቡ። ስለዚህ ለማያ 8 ነጥብ ይበቃታል፤ ናና ግን 8 ተኩል ያስፈልጋታል። አንድ ጨዋታ በአቻ ባለቀ ቁጥር ማያ ወደ ግቧ ትጠጋለች፣ ናና ደግሞ የማሸነፍ ዕድሏን የምትሞክርበት ጨዋታ ይቀንስባታል። ማያ ካገኘችው 8 ነጥብ ግማሹ የመጣው ከአቻ ነው። ናና በመላው ግጥሚያ ሳትበለጥ ዘውዱን አጣች።

ሁለቱ ሴቶች ከአንድ ትንሽ አገር መገኘታቸው ድንገተኛ አልነበረም። በጆርጂያ ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት ስትሄድ ከምትይዘው ንብረት መካከል የቼዝ ሰሌዳ እንደነበር ይነገራል። የዘመናዊውን ጉዞ በር የከፈተችው ግን ኖና ጋፕሪንዳሽቪሊ ናት። በ1962 በ21 ዓመቷ የወቅቱን የዓለም ሻምፒዮን ኤሊሳቬታ ቢኮቫን 9 ለ2 ረታች፤ 7 ጨዋታ አሸንፋ በ4ቱ አቻ ስትወጣ አንድም አልተሸነፈችም። አሠልጣኟ ቫክታንግ ካርሴላዜ ናናንም አስተምሯል። በ1973 ትብሊሲ ውስጥ በኖና ስም የቼዝ ቤተ መንግሥት ተሠራ። በ1980 ማልታ ላይ የሶቪየት ኅብረት የሴቶች ቡድን የኦሎምፒያድ ወርቅ ሲወስድ፣ አራቱም ተጫዋቾች ጆርጂያውያን ነበሩ።

ማያ ያን ዘውድ እስከ 1991 ይዛ ቆየችና በቻይናዊቷ ሺዬ ጁን ተሸነፈች። ናና በበኩሏ ከ1986 እስከ 2001 የዓለም አቀፉን የቼዝ ፌዴሬሽን የሴቶች ኮሚሽን በሊቀ መንበርነት መራች።